አርባ አንደኛው ቃል

«ለተቋሙ ሠራተኞች በሙሉ፦ ከዛሬ ጀምሮ በአንድ የመዝገበ ቃላት ጥራዝ ውስጥ ትርጉማቸው የማይታወቅ ቃላት ከአርባ መብለጥ የለባቸውም። ከአርባ በላይ አለማወቅ በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን በአክብሮት እናሳውቃለን።»

ማስታወቂያው ክብ ማኅተም አርፎበት፣ በአራቱም ማዕዘን በስፒል ተወግቶ መግቢያው ላይ ተለጥፏል። ከሥሩ «መጸዳጃ ቤቱ ውሃ የለውም» የሚለው የባለፈው ሳምንት ማስታወቂያ ጫፉን ብቅ አድርጓል። አቶ ምናልባት ሁለቱንም አነበበና ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ።

አቶ ምናልባት ስሙ አይደለም። እናቱ ያወጣችለት ስም የቀረው በመታወቂያው ላይ ብቻ ነው። ሰዓት ስንት ነው ብሎ ለጠየቀው ሰው እንኳ የእጅ ሰዓቱን ትክ ብሎ አይቶ «ምናልባት ሦስት ተኩል» ብሎ ስለሚመልስ ነው እንዲህ ያሉት። በእሱም አይፈረድም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሠራው የሉዊያን ቋንቋ መዝገበ ቃላት ነው። ሉዊያን ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት ይነገር የነበረ፣ በእርጥብ ሸክላ ላይ በሸምበቆ ጫፍ እየተወጋ በሽብልቅ ፊደል የተጻፈ፣ ዛሬ አንድም ሰው አፉን የማይፈታበት ቋንቋ ነው። የተረፈው ጥቂት ስብርባሪ ጽላት ነው። ከቃላቱ ብዙዎቹ አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ ብለው ጠፍተዋል፤ ሠርግ ላይ ታይቶ፣ የሙሽራው ወገን ይሁን የሙሽራይቱ ሳይታወቅ፣ በልቶ ጠጥቶ እንደሄደ ሰው።

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ የካርድ መሳቢያዎቹ መካከል ቆማ ጠበቀችው።

«ቆጠርሽ?» አላት።

«ደህና አደርሽ አይባልም?»

«ደህና አደርሽ። ቆጠርሽ?»

«ሦስት ጊዜ። አርባ።»

«አርባ ልቅም?»

«አርባ ልቅም። ከእንግዲህ አንዲት ቃል ብታስነጥስብን አለቀልን።»

አቶ ምናልባት ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ወዲያው ተነሣ። በመስኮቱ አየ። ተመልሶ ተቀመጠ። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። አሥር ሰዓት ላይ ጥራዙን ፈርሞ ለዳይሬክተሯ ያስረክባል፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ስሙ በዋና አዘጋጅነት ሽፋኑ ላይ ይወጣል። ከዚያ ከተማውን ለቆ ይሄዳል። ሚስቱ ፋርማሲስት ናት፤ በሌላ ከተማ ሆስፒታል የመድኃኒት ክፍል ኃላፊ ሆና ተመድባ ነገ ጠዋት ሥራ ትጀምራለች። ይህን የመሰለ ዕድል ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ መጥቶላት ሁለቱንም ጊዜ በእሱ ምክንያት አሳልፋዋለች። አንደኛው የሆነ የጽላት ፎቶግራፍ እስኪመጣ፣ ሁለተኛው ያው ፎቶግራፍ ድጋሚ ጥርት ብሎ እስኪነሣ። «ሦስተኛ ጊዜ ብታስቀረኝ ግን» ብላዋለች፣ «አንተን ከነጽላትህ ሙዚየም ነው የማስገባህ።»

ስልኩ ጮኸ።

«አልጋው በበሩ አልወጣም አለ» አለች ሚስቱ፣ ያለ ሰላምታ።

«ሲገባ እንዴት ገባ ታዲያ?»

«እሱን እንኳ እኔ ነኝ የምጠይቅህ። ያለፈውን መመርመር ሥራህ አይደል?»

«ምናልባት እግሩ ተፈትቶ…»

«ምናልባትህን ተወውና መፍቻው የት ነው?»

«ወጥ ቤት፣ ሁለተኛው መሳቢያ።»

«ወጥ ቤቱ ተጭኗል።» ከበስተኋላዋ አንድ ነገር ተንኳኳና ሰው ሲሳደብ ተሰማ። «ስማኝ፣ ሾፌሩ ከመሸ አልነዳም ብሏል። አሥር ከሩብ ላይ መኪናውን ይዘን እናንተ በር ላይ እንቆማለን። ፈርመህ፣ ጃኬትህን ለብሰህ፣ ታች ጠብቀን። ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«ምናልባት አትልም?»

«ሰማሁ አልኩሽ እኮ።»

ሥራው ያለቀለት ሰው አርፎ መቀመጥ ነበረበት። እሱ ግን ማረፍ አልሆነለትም። ጠረጴዛውን ጠረገ። ያልተሞላ ካርቶን ሞላ፣ የሞላውን ገለበጠ። አሥራ አንድ ዓመት የረገጠው ወለል ከመስኮቱ እስከ በሩ ስንት እርምጃ እንደሆነ ዛሬ ቆጠረ። አምስት ሰዓት ሲሆን ለመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ «እስቲ አንዲት የገጽ ቁጥር ብቻ ላጣራ» አላት። የዓለም ጣጣ ሁሉ የሚጀምረው «እስቲ አንዲት» ከሚለው ነው።

ሊያጣራ የፈለገው ቃል ዚላፓንዳ ነበር። ለምን እሷን እንደመረጠ ቢጠየቅ አያውቅም፤ ከታወቁት ቃላት አንዷ ናት። በጥራዙ ውስጥ «ዚላፓንዳ፦ ማንኪያ፤ ለፈውስ ሥርዓት የሚያገለግል» ተብላ ተጽፋለች። የምትገኘው በአንድ ጽላት፣ በአንድ መስመር ላይ ብቻ ነው። ጽላቱ በሽታ ለማባረር የሚደገም ጽሑፍ ሲሆን መስመሩ እንዲህ ይላል፦ «ሴትዮዋ ሱፉን ታነሣለች፤ ዚላፓንዳውንም ታነሣለች፤ በሕመምተኛውም ላይ…» እዚህ ላይ ሸክላው ተሰብሯል። ሴትዮዋ ሦስት ሺህ ዓመት ሙሉ እጇን እንዳነሣች ቀርታለች።

ቢሆንም ለማንኪያነቷ አራት ምስክር አላት። አራት! በዚህ ሙያ ሁለት ምስክር ያላት ቃል እንደ ባለርስት ትቆጠራለች። ከአራቱ የመጨረሻው የባሕር ማዶ ሊቅ ጽሑፍ ነው፤ የሚፈልገውም የእሱን ገጽ ነበር። አገኘው። ሊቁ «ማንኪያ መሆኑ በቁፋሮ በተገኘ ዕቃ ተረጋግጧል» ይልና ዕቃው ያለበትን ሙዚየም ይጠቅሳል።

አቶ ምናልባት ሙዚየሙን ያውቀዋል። የዕቃዎቹን ዝርዝር መጽሐፍ ከመደርደሪያ አወረደ። ማንኪያው አለ። አጭር፣ የነሐስ፣ ያለ አንዳች ጽሑፍ። ከሥሩ «ዚላፓንዳ ተብሎ ይጠራ የነበረ የሥርዓት ማንኪያ» ይልና ምንጩን አንድ የሥነ ልሳን መጽሐፍ ያደርጋል።

«ዕቃው ስሙን ከመጽሐፍ ነው ያገኘው» አለ ለራሱ።

«ምን አልክ?»

«ምንም።»

መጽሐፉን አወጣ። መጽሐፉ ደግሞ «ማንኪያ፤ የታላቁን መምህር የግርጌ ማስታወሻ ይመልከቱ» ይላል። ታላቁ መምህር የሁሉም መምህር ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ይህ ጥራዝም ለእሳቸው ክብር ነው የሚወጣው። መጀመሪያ ፊተኛው ገጽ ላይ «ለመምህራችን መታሰቢያ» ተብሎ ነበር፣ እሳቸው «ገና አልሞትኩም፣ ቸኮላችሁ» ስላሉ «ለመምህራችን» ተብሎ ቀረ።

«የመምህሩን ጽሑፍ አምጪልኝ» አለ። «የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱን።»

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ መሰላል ላይ ወጥታ ከላይኛው መደርደሪያ ቢጫ የሆነ መጽሔት አወረደችና አቧራውን ፊቱ ላይ እፍ አለችበት። ሆን ብላ ነው። የግርጌ ማስታወሻው በትናንሽ ፊደል እንዲህ ይላል፦ «ዚላፓንዳ ማንኪያ ነው። ይህን ትርጉም ላገኘልኝ ወጣት ባልደረባዬ ምስጋና ይድረሰው።»

አቶ ምናልባት ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ምን ሆንክ? ፊትህ ኖራ መሰለ።»

«ወጣቱ ባልደረባ እኔ ነኝ።»

«እሰይ! እንዲያውም ምስጋና ደርሶሃል።»

«አልገባሽም። ሻይ ክፍል ነበርን። ማንኪያ ጠፍቶ በእስክሪብቶ ነበር ስኳሩን የማማስለው። መምህሩ ድንገት ‹ዚላፓንዳ ምን ይመስልሃል?› አሉኝ። እኔም ‹መቼም የሚፈለግና የማይገኝ ነገር ከሆነ ማንኪያ ነው› አልኳቸው። ቀልዴን ነው!»

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አየችው። «ታዲያ አራቱ ምስክሮች?»

«አራቱም እኔ ነኝ። እኔ ለመምህሩ፣ መምህሩ ለመጽሐፉ፣ መጽሐፉ ለሙዚየሙ፣ ሙዚየሙ ለሊቁ። እኔ ደግሞ ዛሬ ሊቁን ምስክር አድርጌ ልፈርም።»

«የእስክሪብቶህ ሻይ ባሕር ተሻግሮ ተመልሶ መጣ በለኛ!» ከት ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን እዚያው ቆመ፤ ጣቶቿን አየች፣ የምትቆጥር መሰለች። «አርባ አንድ» አለች።

«አርባ አንድ።»

«ተወው። ማን ያውቃል?»

«እኔ።»

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እርግጠኛ የሆንከው?»

ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ወደ በሩ ሄደ፣ ውሃ ቀዳና ሳይጠጣ አስቀመጠ። ስልኩ ሲጮህ ብርጭቆውን ሊደፋው ደረሰ።

«አልጋው ወጣ» አለች ሚስቱ። «ከበሩ ጉበን ጋር ወጣ። አንተስ?»

ነገራት። ማንኪያውን፣ ሙዚየሙን፣ ሻዩን፣ አርባ አንዱን። እስኪጨርስ ዝም ብላ አዳመጠች፤ ሚስቱ ዝም ብላ ስታዳምጥ ነገሩ ደግ አይደለም።

«ለምን አየኸው?» አለች በመጨረሻ።

«የገጽ ቁጥር ፈልጌ…»

«አሥራ አንድ ዓመት ያላየኸውን ዛሬ፣ አልጋዬ መንገድ ላይ ቆሞ፣ ለምን አየኸው? ማንኪያ ብለህ ፈርምና ና።»

«አንቺ የሐኪም ጽሑፍ አልነበብ ሲልሽ ገምተሽ መድኃኒት ትሰጫለሽ? ሰውዬውን ወደ ሐኪሙ መልሰሽ አይደል የምትልኪው?»

«እኔ ብገምት ሰው ይሞታል። አንተ ብትገምት ማን ይሞታል? ሰዎችህ እኮ ሞተው አልቀዋል!»

እውነቷን ነው። እውነቷን መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አቁነጠነጠው።

«አሥር ከሩብ» አለች። «ካልመጣህ አልጋውን እየነዳሁ እሄዳለሁ» ብላ ዘጋችው።

መምህሩ የሚኖሩት ከተቋሙ ጀርባ ካለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ከተበላሸ ወዲህ ወደ ታች አይወርዱም፤ ዓለም ናት ወደ እሳቸው የምትወጣው። አቶ ምናልባት ስምንት ሰዓት ላይ እያለከለከ በሩን አንኳኳ። ማስረጃ ፍለጋ ነው የመጣው። መቼም ያን የሚያህል ሰው በእስክሪብቶ በተማሰለ ሻይ ብቻ አይጽፍም፤ ሌላ ነገር ያዩ ይሆናል። አይተው ከሆነ አርባ አርባ ሆኖ ይቀራል።

«ሊፍቱ ተሠራ እንዴ?» አሉ መምህሩ በሩን ከፍተው። በካልሲ ናቸው፤ የማጉያ መስተዋታቸው በገመድ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

«አልተሠራም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ያስሮጥሃል? ሰው አራት ፎቅ በሩጫ የሚወጣው ወይ እሳት ሲነሣ ነው ወይ ቆንጆ ስትጠብቀው። እኔ ሁለቱንም አይደለሁም።»

«ዚላፓንዳ፣ ጋሼ።»

የሽማግሌው ፊት በራ። «ማንኪያዬ! ግባ፣ ግባ። ልጄ ያነሣችውን ፎቶ አይተኸዋል?»

ግድግዳው ላይ በመስተዋት የተገጠመ ፎቶግራፍ አለ። መምህሩ ሙዚየም ውስጥ፣ በመስተዋት ሣጥን ፊት፣ የልጅ ልጃቸውን ትከሻ ይዘው ቆመዋል። ከሣጥኑ ሥር ባለው ጽሑፍ ላይ ስማቸው ይታያል። ከፎቶው ጎን የልጅቷ የትምህርት ቤት ጽሑፍ ተለጥፏል፤ በቀይ ቀለም መቶ ከመቶ ተሰጥቶታል። ርእሱ «አያቴና የሦስት ሺህ ዓመት ማንኪያ» ይላል።

አቶ ምናልባት ፎቶውን አየ፣ ጽሑፉን አየ፣ ጫማውን አየ።

«ጋሼ፣ ለማንኪያነቱ ማስረጃዎ ምን ነበር?»

«የምን ማስረጃ?»

«ያኔ ሲጽፉት።»

«አንተ ነህ እኮ የነገርከኝ!»

«እኔ እየቀለድኩ ነበር፣ ጋሼ። ሻይ ክፍል ማንኪያ ጠፍቶ…»

መምህሩ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «አንተ ትቀልዳለህ እንዴ?» አሉ፣ ከልባቸው ተገርመው። «በሃያ ዓመት አንድ ጊዜ ቀለድክ፣ እሷንም እኔ ላይ?»

«ይቅርታ።»

«ምንጭ ያገኘህ መስሎኝ ነበር። ዐይንህ ፈጥጦ ነበር እኮ።»

«ሻዩ ትኩስ ሆኖብኝ ነው።»

ከታች መንገዱ ላይ መኪና በጮኸ ቁጥር አቶ ምናልባት ሰዓቱን ያያል። ከዚያ መምህሩ ሳይታሰብ እጃቸውን ዘረጉ።

«እስቲ ጽላቱን አሳየኝ። በዚያ በስልክህ አለህ አይደል?»

ፎቶግራፉን አሰፋላቸው። ሽማግሌው መስተዋታቸውን በስልኩ መስተዋት ላይ ደገኑና ተጠጉ። «የስብራቱ ጠርዝ ላይ ይህቺ ሽብልቅ ምንድን ናት?»

«ጭረት ናት ተብሏል።»

«ማን ነው ያለው?»

«እርስዎ።»

«ተሳስቼ ይሆናል። ጭረት እንዲህ ወደ ግራ አይጋደምም።» ድምፃቸው ሃያ ዓመት ቀነሰ። «እርጥብ ነገር ሊሆን ይችላል፤ የምትረጭበት። ላባስ? ደግሞ የሚነሣ ሁሉ ዕቃ ነው ያለው ማን ነው? ጫጩት ይነሣል። ሕፃን ይነሣል።»

«ከሱፍ ጋር ነው የተጠራው፣ ጋሼ፤ ምናልባት ክር…»

«ምናልባት ድንጋይ!»

«ምናልባት ድንጋይ።»

ሁለቱ ራስ ለራስ ተጋጥመው፣ ሴትዮዋ በሕመምተኛው ላይ የምታነሣውን አሥራ ሰባት ነገር ቆጠሩ። ሲነቃ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። መምህሩም ነቁ። መስተዋቱ ከእጃቸው ወርዶ ደረታቸው ላይ ተንጠለጠለ።

«እንግዲህ ልትሰርዘው ነው» አሉ።

«ጋሼ…»

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር ስንት እንደሆነ ታውቃለህ? ሐኪሙ ስለ ኩላሊቴ እርግጠኛ አይደለም። ልጄ እንደምትመጣ እርግጠኛ አይደለችም። አንዲት ማንኪያ ነበረችኝ። ከሞትኩ በኋላ ብታደርገው ምን ነበረበት?»

«መቼ?» አለ አቶ ምናልባት። የቀጠሮ ልማድ አፉን ቀደመው፤ ወዲያው ፊቱ በርበሬ ሆነ።

ሽማግሌው መጀመሪያ አፈጠጡበት፤ ከዚያ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «ይኸው፣ ሁለተኛ ቀልድህ!» አሉ ዐይናቸውን እየጠረጉ። ሳቁ ሲያልፍ ግን ዐይናቸው ወደ ግድግዳው፣ ወደ ቀዩ መቶ ከመቶ ሄዶ እዚያው ቀረ። ስሜን አታንሣብኝ አላሉም። ማንኪያዬን ተውልኝ ብለውም አልለመኑም። ቢለምኑት ይቀለው ነበር፤ እንቢ ማለት ወይ እሺ ማለት ይቻላል። በካልሲያቸው እስከ በሩ ሸኙትና «ደረጃው ላይ ቀስ በል» ብቻ አሉት።

ቀስ አላለም። ተቋሙ ሲደርስ ዘጠኝ ተኩል አልፏል። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ጥራዙን በገመድ አስራ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለታለች፤ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ገጽ፣ የሁለት ሕፃን ክብደት።

«እህስ?»

«ፍቺው።»

«ምን ብዬ ነው ያሰርኩት ታዲያ? ወይ ጉድ!» እያጉረመረመች ፈታችው። ገጹን ፈለገ። ቀይ እስክሪብቶ አነሣ፣ ከደነ፣ ከፈተ። ከዚያ «ማንኪያ፤ ለፈውስ ሥርዓት የሚያገለግል» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘና ከላዩ «ትርጉሙ አይታወቅም» ብሎ ጻፈ፤ በመጀመሪያው ገጽ ማጠቃለያ ላይም አርባውን አርባ አንድ አደረገው። አሥራ አንድ ዓመት የምታውቀው የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ አላሾፈችበትም። ጥራዙን መልሳ አሰረችለት፤ በዚህኛው ጊዜ ጥብቅ አድርጋ።

ዳይሬክተሯ ክፉ ሴት አይደለችም። የተማረችው አስተዳደር ነው፤ ራሷ እንደምትለው «ቋንቋውን አላውቅም፣ ቁጥሩን ግን አውቃለሁ»። ቢሮዋ ድረስ ተሸክሞ ያቀረበላትን ጥራዝ ሳትፈታ የመጀመሪያውን ገጽ ማጠቃለያ ተመለከተች።

«አርባ አንድ ይላል።»

«አዎ።»

«ጠዋት አርባ ነበር።»

«አንድ ጨመርኩ።»

«ሰው በአንድ ቀን ውስጥ እንዴት ያነሰ ያውቃል?» ብላ የእውነቷን ጠየቀች። ከዚያ መሳቢያዋን ከፈተች። «ግድ የለህም፣ ለዚህም መላ አለው። ቅጽ ሰባት።» አንድ ወረቀት ወደ እሱ ገፋች። ርእሱ «ታውቆ የነበረ ቃል ወደ አለመታወቅ ሲመለስ የሚሞላ» ይላል። «ማን ተሳሳተ፣ በየትኛው ጽሑፍ፣ በስንተኛው ገጽ፣ በምን ምክንያት። ይህ ከተሞላ ስሕተቱ በባለቤቱ ስም ከጥራዙ መጨረሻ፣ እርማት ዝርዝር ውስጥ ይገባል። አንተ ነፃ ነህ፣ አርባ አንደኛዋም ትፈቀዳለች።»

አቶ ምናልባት ወረቀቱን አነበበ። የመምህሩ ስም ፊተኛው ገጽ ላይ በትልቁ፣ ኋለኛው ገጽ ላይ ደግሞ በስሕተት ባለቤትነት። የልጅ ልጃቸው መጽሐፉን ከየትኛው ወገን ትከፍተው ይሆን?

«እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ብልስ?»

«የታተመበትን ገጽ ጻፍ።»

«አልታተመም።»

«ያልታተመ ስሕተት ስሕተት አይባልም። ያሳተመው ማን ነው?»

ከታች የጭነት መኪና ጥሩንባ ጮኸ። አንዴ። ዝም አለ። እንደገና፣ አሁን ረዘም አድርጎ። በመስኮቱ ቢመለከት አልጋቸው እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ከዕቃው ሁሉ በላይ ተጭኗል፤ ሚስቱ ከጋቢናው ወጥታ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ የሕንፃውን መስኮቶች አንድ በአንድ ታያለች።

በቅጹ ላይ «ዚላፓንዳ» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ፈረመ። የቀረውን ባዶ ትቶ ወረቀቱን መለሰላት።

ዳይሬክተሯ አገላብጣ አየችው። «ይኼ ባዶ ነው።»

«አዎ።»

«ባዶ ከሆነ ደንቡ ስሕተቱ በዋና አዘጋጁ ቸልተኝነት የመጣ ነው ይላል። ቸልተኛ አዘጋጅ ደግሞ ስሙ ሽፋን ላይ አይወጣም። አሥራ አንድ ዓመት! ይገባሃል የምልህ?»

«ይገባኛል።»

«እያወቅክ ነው?»

«እያወቅኩ ነው» አለ። ዳይሬክተሯ ቀና ብላ አየችው፤ ከዚህ ሰው አፍ «ምናልባት» ሳይቀድመው የወጣ ቃል ሰምታ አታውቅም።

ጥሩንባው ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸ። ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ አነሣ። ዳይሬክተሯ እስክሪብቶዋን ከደነችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ አሁን የቢሮ ድምጿን ትታ የሰው ድምጿን አወጣች።

«እሺ፣ አልጽፈውም። ለእኔ ብቻ ንገረኝ፣ በእናትህ። ዕድሜህን ሙሉ ስታብራራ የኖርክ ሰው ነህ። ማንን ብለህ ነው?»

«አላብራራም» አለና ወጣ።